ነፋሱን ተዉት፣ ጠርዙን ፍሩ



የትምህርት ቤት ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር ከእናቶች የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተርዬ፣ ልጆቹን ባሕሩ ጋ ብንወስዳቸው ነፋስ አይመታቸውም ወይ?» የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ውሰዷቸው። በደንብ ለብሰው ከሄዱ ነፋሱ ምንም አያደርጋቸውም። እዚህ እንግሊዝ አገር ገደላማ ባሕር ዳርቻ ላይ ልጅን የሚጎዳው ሌላ ነው፤ የገደሉ ጠርዝ፣ ከገደሉ የሚወርደው ድንጋይና የባሕሩ ሙላት። ስለ ነፋስ የምንጨነቀውን ሩብ ያህል ስለነዚህ ስንጨነቅ ግን አላይም። ዛሬ የምጽፈውም በዚህ ላይ ነው።

እንደ ምሳሌ ሰቨን ሲስተርስ የሚባለውን ፓርክ ልውሰድ። የመረጥኩት ከለንደን ሄዶ በቀኑ መመለስ ስለሚቻልና መግቢያው ነፃ ስለሆነ ነው። በደቡብ እንግሊዝ፣ ኢስት ሰሴክስ ውስጥ፣ በሲፎርድና በኢስትቦርን ከተሞች መካከል ይገኛል። ነጭ ገደሎች ባሕሩ ላይ እንደ ግድግዳ ተደርድረው ቆመዋል፤ አናታቸው ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ «ሰባቱ እህትማማቾች» ተባሉ። ከእህትማማቾቹ ረጅሟ 77 ሜትር ናት። ወደ ምሥራቅ አለፍ ሲባል ደግሞ ቢቺ ሄድ አለ፤ 162 ሜትር፣ በብሪታንያ ካሉት የጠመኔ ባሕር ገደሎች ሁሉ ረጅሙ። አዎ፣ ጠመኔ። ሰሌዳ ላይ የጻፍንበት፣ በጣት ሲጫኑት ዱቄት የሚሆነው ነገር። በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ወለል ላይ ከተከማቹ በዓይን ከማይታዩ ፍጥረታት ቅርፊት የተሠራ ድንጋይ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜና እሑድ ቱሪስት ይበዛዋል። በሥራ ቀን ጠዋት ወይም በመስከረም መጨረሻ ከሄዳችሁ ግን በግ ሲግጥ፣ ወፍ ሲጮኽ፣ ባሕሩ ጠጠሩን ሲያንከባልል ከመስማት በቀር ሌላ ድምፅ የለም። ሱቅ የለም፣ ልጅ የሚያስለቅስ መጫወቻ ማሽን የለም። አንዳንዱ ወላጅ «ታዲያ እዚያ ምን ይሠራል?» ይለኛል። ይራመዳል። ይታያል። ዝም ይባላል። የማኅበረሰባችን ሽርሽር ብዙ ጊዜ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሥጋ ጠብሶ፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው፣ ማታ ጠግቦ መመለስ ነው። ጥብስ አልጠላም። ነገር ግን ለዚያማ ከቤት መውጣት አያስፈልግም ነበር።

አሁን ወደ ነፋሱ። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ደግሞ ክፍት ሜዳ ላይ ሳይሆን መስኮቱ በተዘጋ፣ ማሞቂያው በበራ፣ ሰው በበዛበት ሳሎን ውስጥ ይበልጥ ነው። ክረምት ላይ ልጆች የሚታመሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው አብሮ መታፈግ ነው። «የሳንባ ምች» የሚለው ስም ራሱ ሳያሳስተን አይቀርም። ቃሉን ስንሰማ ፀሐይ ወይም ነፋስ የመታው ሰው ይመስለናል እንጂ በሽታው በባክቴሪያ ወይም በቫይረስ የሚመጣ የሳንባ ኢንፌክሽን ነው። አያቶቻችን የሰየሙትን አልነቅፍም፤ ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም።

ሁለት ነገር ብቻ ልለይ። አስም ያለበት ልጅ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ሰማያዊው ኢንሄለርና ስፔሰሩ ከእሱ አይለዩ። ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ መኪና ውስጥ ተቆልፎበት አይቅር። ሁለተኛው፣ የረጠበ ልብስ ነው። ማዕበሉ ያረጠበውን ልጅ ቶሎ ደረቅ ልብስ አልብሱት። የረጠበ ልብስ ላይ ነፋስ ሲጨመር የሰውነት ሙቀት በፍጥነት ይወርዳል፤ ይህ ከጉንፋን ጋር የማይገናኝ፣ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ትርፍ ካልሲና ሹራብ ከያዛችሁ ይበቃል።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ልጅና አዛውንት ቤት ውስጥ መቅረታቸው ነው። አገር ቤት አራስ ልጅ በቅቤ ታሽቶ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲወጣ አይተን አድገናል። እዚህ ስንመጣ ልማዱ ተገልብጦ ልጁን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልለን መስኮት አጠገብ እናስቀምጠዋለን። ችግሩ፣ መስኮት ብርሃን ያስገባል እንጂ ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ ደግሞ ደጅ ብትቆሙ እንኳ የእንግሊዝ ፀሐይ ለዚህ ሥራ አቅም የላትም። የእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጩ ይልቅ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት ምክር እንዲህ ነው፤ በመኸርና በክረምት ሁሉም ሰው በቀን 10 ማይክሮግራም (400 ዩኒት) ቫይታሚን ዲ ለመውሰድ ያስብበት፤ አፍሪካዊ ዝርያ ያለው ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ 10 ማይክሮግራም ይሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ከ8.5 እስከ 10 ማይክሮግራም ነው፤ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የቆርቆሮ ወተት የሚጠጣ ሕፃን ግን ወተቱ ውስጥ ስላለ ተጨማሪ አያስፈልገውም።

እውነቱን ልናገርና አንድ ቀን ገደል አይቶ መመለስ የቫይታሚን ዲ እጥረትን አይሞላም። ጠብታውን አትተዉ። ታዲያ ለምን ውጡ እላለሁ? አንዱ ምክንያት ዓይን ነው። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት ነበር። አንደኛ ክፍል ልጆች በትምህርት ቀን ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲቆዩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሩቅ ማየት ችግር የያዛቸው 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ እንደ ወትሮው የተማሩት ግን 40 በመቶ ገደማ ሆኑ። ልጁን ለማሯሯጥ ሳይሆን ደጅ ለማቆየት ብቻ የተደረገ ነገር ነው። መነጽር ከመግዛት ይረክሳል።

ሁለተኛው ምክንያት እነ እማማ ናቸው። ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችንና አባቶችን በብዛት አያለሁ። ግፊት አለባቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዓመት ሙሉ ያዩት ነገር ቢኖር የአራተኛ ፎቅ ሳሎን፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት በርና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነው። «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ብሎ መላክ ለሐኪም ቀላል ነው፤ የት ብለው ሲጠይቁ ግን መልስ የለንም። ጂም አይገቡም። በሰፈሩ ብቻቸውን መሄድ ይፈራሉ፤ ቋንቋው የለም፣ መንገድ ይጠፋባቸዋል። እማማን ገጠር ውሰዷቸውና ሣሩ ላይ ቆመው በጉን ሲያዩ ፊታቸውን ተመልከቱ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እየተራመዱ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ፍጥነት ማለት ነው። ሰቨን ሲስተርስ ላይ ኤክሲት ከሚባለው መግቢያ እስከ ባሕሩ ድረስ የኩክሚርን ወንዝ ይዞ የሚሄድ ሜዳ መንገድ አለ፤ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሕፃን ጋሪ ይሄድበታል፣ ጉልበት የሚያማቸው ሰውም ቀስ እያሉ ይሄዱበታል። ደርሶ መልሱ ከሳምንቱ ድርሻ አንድ ሰዓቱን ይሸፍናል። ገደሉን ለማየት ገደሉ ላይ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ከሩቅ ሲያዩት ነው የሚያምረው።

ወደ ጠመኔው ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው እዚህ ላይ ነው።

እኛ ደገኞች ገደል ብርቃችን አይደለም። ስሜን ተራሮች ላይ የቆመ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ያየ ሰው እንግሊዝ አገር መጥቶ 77 ሜትር ገደል አያስደነግጠውም። አደጋው ያለው እዚህ መዘናጋት ላይ ነው። የአገራችን ደጋ ገደል አብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ የተሠራ ጠንካራ ድንጋይ። ይኼኛው ጠመኔ ነው። ባሕሩ ቀን ከሌት ሥሩን ይበላዋል፤ ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ውርጭ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ከላይ ግን ለስላሳ አረንጓዴ ሣር እስከ መጨረሻው ጠርዝ ድረስ ለብሶ ስለሚቆይ ሜዳ ይመስላል። ሣሩ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ያለው መሬት ባዶ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አጥርም የለም። ገደሉ በዓመት ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር ይሸሻል ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ ያ አማካይ ቁጥር ነው። ገደል በሳንቲ ሜትር አይወድቅም። ለወራት ጸጥ ብሎ ከርሞ አንድ ቀን የቤት ያህል ቁራጭ ይገነደሳል።

እዚያው አካባቢ ቤል ቱት የሚባል የድሮ የመብራት ቤት አለ፤ በ1830ዎቹ የተሠራ። ገደሉ እየተበላ ስለቀረበው በ1999 ሕንፃውን እንዳለ አንስተው 17 ሜትር ወደ ውስጥ አንሸራተቱት። የድንጋይ ሕንፃ ከሸሸበት ጠርዝ ላይ ልጃችንን አቁመን ፎቶ እናነሳለን?

እናነሳለን እንጂ። ነጭ ገደል ለፎቶ ያምራል፤ ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለቲክቶክ። በ2017 አንዲት ለትምህርት የመጣች ወጣት ጠርዙ አጠገብ ዘላ ፎቶ ስትነሳ ሚዛኗን ስታ ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። ካሜራ የያዘ ሰው እግሩን አያይም፤ የሚነሳው ሰው ደግሞ ጀርባውን አያይም። የአካባቢው ባለሥልጣናት ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሜትር ራቁ ይላሉ። እኔ ልጅ ለያዘ ሰው ሃያ ትልልቅ እርምጃ እላለሁ፤ ምክንያቱም የስድስት ዓመት ልጅ 5 ሜትርን «ና!» ብላችሁ ሳትጨርሱ ይጨርሰዋል። ገደሉ አናት ላይ ትንንሾቹ እጃቸው ይያዝ፤ ኳስ፣ ብስክሌትና ስኩተር ቤት ይቅር። ኳስ ወደ ጠርዙ ከተንከባለለ ልጅ ይከተለዋል፣ ልጅን ደግሞ እናት ትከተለዋለች። ፎቶ ከፈለጋችሁ ጀርባችሁን ለገደሉ ሳይሆን ለሜዳው ሰጥታችሁ፣ ገደሎቹን ከሩቅ አድርጋችሁ ተነሱ። ከሲፎርድ በኩል ያለው ዕይታ፣ ሰባቱም በአንድ ላይ የሚታዩበት፣ በፖስት ካርድ ላይ የምታውቁት ነው።

ከታችም ቢሆን እንዲሁ ነው። ገደሉ ሥር ጥላ አለ፣ ነፋስ አይደርስበትም፣ ምንጣፍ ዘርግቶ ምሳ ለመብላት ይጋብዛል። እዚያ አትቀመጡ። ድንጋይ ሲወርድ አያስጠነቅቅም፤ መሬት ላይ የምታዩት ነጭ ክምርም ከላይ የወረደ ነው። ብላቴናው «ቅሪተ አካል ልፈልግ» ብሎ ክምሩ ላይ ቢወጣም አትፍቀዱለት።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ሐዋሳ ወይም ጣና ዳር ያደገ ሰው ውኃውን ጠዋት ያየበት ቦታ ማታም ያገኘዋል። ይህ ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ እንግሊዞች ታይድ የሚሉት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ከገደሉ ሥር ሰፊ ሜዳ ይገለጣል፤ ሰው ደስ ብሎት ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል። ሲመለስ ውኃው ገደሉ ድረስ ደርሶ መንገዱን ዘግቶበታል። ከፊት ባሕር፣ ከኋላ መውጫ የሌለው 70 ሜትር ግድግዳ። በኩክሚር ሄቨንና በብርሊንግ ጋፕ መካከል ያለው ዳርቻ እንዲህ ያለ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የዕለቱን የታይድ ሰዓት በስልካችሁ ፈልጉ፤ የቦታውን ስምና «ታይድ ታይምስ» ብላችሁ ብትጽፉ ይመጣል። ሰዓቱን ያላየ ሰው ከገደሉ ሥር አይራመድ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

መዋኘትስ? ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ገንዳ ውስጥ ተምረዋል። ገንዳ ሞቃት ነው። ይህ ባሕር በነሐሴም ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው ድንገት ሲገባበት ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ውኃ ይውጣል። የኩክሚር ወንዝ ባሕሩን የሚቀላቀልበት ቦታ ደግሞ ወራጅ አለው፤ ዋና ጠባቂ ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ። ልጆቻችሁን አንድ ነገር አስተምሯቸው። ውኃ ውስጥ ከወደቁ አይታገሉ፤ በጀርባቸው ተኝተው፣ ጆሯቸው ውኃ ውስጥ እስኪገባ ራሳቸውን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገው፣ ትንፋሻቸው እስኪረጋጋ ይንሳፈፉ። ዳር ላይ ያለ ሰው ዘሎ አይግባ፤ 999 ደውሎ «ኮስትጋርድ» ይበል። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት እንኳ ይህችን አንዲት ቃልና የቦታውን ስም መያዝ ይችላሉ። ባቡር ላይ እያላችሁ አስጠኗቸው።

መድኃኒት ለምትወስዱ ጥቂት ልበል። ከኩክሚር ሄቨን ተነስቶ በሰባቱም ጉብታዎች ላይ እስከ ብርሊንግ ጋፕ መሄድ ዳገትና ቁልቁለት የተደጋገመበት ጉዞ ነው፤ ልብ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው። ዳገት ላይ ደረቱን ጨምደድ ያደረገው ሰው ይቁም፣ ይቀመጥ፤ ከምላስ ሥር የሚረጭ መድኃኒት ካለው ይጠቀም፤ በ5 ደቂቃ ካልተሻለው 999። ኢንሱሊን ወይም ግሊክላዛይድ የምትወስዱ፣ ረጅም እርምጃ ስኳር ያወርዳል። ጁስ ወይም ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ በጾም ቀን ባዶ ሆዳችሁን ዳገት አትውጡ። ውኃ የሚያስወጣ የግፊት ክኒን ለምትወስዱ ደግሞ በኤክሲትና በብርሊንግ ጋፕ መካከል መጸዳጃ ቤት እንደሌለ ላስታውስ። ይህን የሚነግራችሁ ሐኪም ስለሌለ ነው የምጽፈው፤ እማማ በአፍረት ክኒኑን ሳይውጡ የሚመጡበት ምክንያት ይኸው ነው።

በመጨረሻ መዥገር። በግ ባለበት ረጅም ሣር ውስጥ መዥገር አይጠፋም፤ አንዳንዱም ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ልጆቹን ስታጥቡ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላና ፀጉር ሥር እዩ። ካገኛችሁ ቅቤ፣ ጋዝ ወይም እሳት አታስነኩት። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጠጋ አድርጋችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ቦታውን እጠቡት፣ ቀኑን ጻፉት። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ምልክት ከወጣ ወደ ጂፒ ሂዱ። በመጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ነጭ ቆዳ ላይ ያለ ቀይ ቀለበት ነው። የእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ፣ የተመታ ሰንበር ሊመስል ስለሚችል በቀላሉ ይታለፋል። ሐኪሙን «መዥገር ነክሶት ነበር» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ያውቀዋል።

ለጉዞው፣ ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር ወደ ኢስትቦርን ወይም ብራይተን ሂዱ። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው 12 ቁጥር አውቶቡስ ኤክሲት በር ላይ ያወርዳችኋል። የሚይዝ ጫማ፣ ነፋስ መከላከያ ጃኬት፣ ውኃ፣ ዳቦና ቆሎ ይበቃችኋል። ስለ ራሳችሁ መድኃኒት ጥያቄ ያላችሁ ሕመማችሁን እዚህ ኮሜንት ላይ አትዘርዝሩ፤ ለጂፒያችሁ ወይም ለሰፈራችሁ ፋርማሲስት ንገሩ። ቦታውን የምታውቁ ግን በየትኛው ወር እንደሄዳችሁና ከእናቶቻችን ጋር የትኛው መንገድ እንደተመቻችሁ ጻፉልን።